ምዕራፍ 6፦ የጎረቤት እርሾ

ባለፈው ምዕራፍ የይለፍ ቃልን ከቤት ቁልፍ ጋር አነጻጽረን፣ ቁልፉ ስንት ቅጂ እንዳለውና በማን እጅ እንደሚገኝ ማወቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ተነጋግረናል። በሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ ሰርቨር የሚባለውን ነገር «የሌላ ሰው ጎተራ» ብለነዋል፤ እህሉ የእኛ፣ ጎተራው የሌላ ሰው። በዚህ ምዕራፍ ቁልፉም ጎተራውም ይመለሳሉ። ዋናው ጉዳያችን ግን ሰዎቹ ናቸው፤ በስልክ አብረው የሚማሩ ልጆች፣ ወላጆቻቸውና መምህራኖቻቸው።

የምኖረው ለገጣፎ ነው። ከተማችን እንደ ቡራዩ፣ እንደ ሰበታና እንደ ሱሉልታ ሁሉ አዲስ አበባን ከበው ካደጉት አንዷ ናት፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም አራቱም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ብዙው ወላጅ ማለዳ ተሰልፎ በሲኤምሲ በኩል ወደ መገናኛ ይሄዳል፤ ሲመለስ መሽቷል። የልጁን ትምህርት ቤት በር በሥራ ቀን የሚረግጥ ጥቂት ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ በር ስልኩ ውስጥ ገብቷል። የቤት ሥራው፣ የስብሰባው ጥሪ፣ የክፍያው ማስታወቂያ፣ «ነገ ነጭ ሸሚዝ ይልበሱ» የሚለው ሁሉ የሚመጣው በቴሌግራም ግሩፕ ነው።

አንድ ሐሙስ ማታ በልጄ ክፍል የወላጆች ግሩፕ ላይ ፎቶ ወጣ። የፈተና ውጤት ነው። የ47 ልጆች ስም ከነአባታቸው በፊደል ተራ ተደርድሯል፤ ከጎኑ የየትምህርቱ ነጥብ፣ ደረጃ፣ መጨረሻ ላይ «አስተያየት» የሚል አምድ አለ። አምዱ ውስጥ በእስክሪብቶ የተጻፉ አጫጭር ቃላት ይነበባሉ፤ «ክፍያ አልተጠናቀቀም»፣ «ትኩረት ያንሰዋል»፣ «ሕክምና ላይ»። መምህሯ የላኩት በቅን ልብ ነው፤ ወላጆች ከሰኞ ጀምረው ውጤት ሲጠይቋቸው ነበር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንዲት እናት «ሚስ፣ እባክዎ ይህን ያጥፉት» ብለው ጻፉ። መምህሯ ወዲያው አጠፉት፤ ይቅርታም ጠየቁ። ያለቀ መሰለን።

በማግስቱ ግን ያ ሕክምና ላይ ያለው ልጅ ክፍል ሲገባ፣ ጓደኞቹ ምን እንደሚያመው ይጠይቁት ጀመር። እሱ ለማንም አልተናገረም። እናቱም አልተናገሩም። ፎቶውም ጠፍቷል።

ታዲያ ከየት መጣ?

ደብተር ማዋስና እርሾ መስጠት

አንድ ተማሪ ለጓደኛው ደብተሩን ሲያውስ የሚሆነውን እናውቃለን። ደብተሩ ከዚህ እጅ ወደዚያ እጅ ይሄዳል። ያዋሰው ልጅ በዚያ ማታ ደብተር የለውም፤ ስለዚህም ያስታውሳል፣ ይጠይቃል፣ ካልተመለሰለት ይጣላል። ሲመለስለት ደግሞ የተዋሰው ልጅ እጅ ባዶ ነው። ስለ ውሰት ያለን ግብረ ገብ ሁሉ የተሠራው በዚህ ላይ ነው፤ ዕቃ በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ብቻ ይገኛል።

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ። ጎረቤት እርሾ አልቆባት በአጥር ትጠራለች። የእኛዋ ሴት ከቡሆ ዕቃዋ ላይ ያቀረረውን ቢጫ ውኃ በጣሳ ቀድታ ትሰጣታለች። ከእሷ ምን ጎደለ? ምንም። የእሷም ሊጥ ይቦካል፣ የጎረቤቷም ይቦካል። ከሦስት ቀን በኋላ ያቺ ጎረቤት በተራዋ ለሌላ ትሰጣለች፤ ያቺም ለሌላ። ከወር በኋላ የመጀመሪያዋ ሴት «እርሾዬን መልሱልኝ» ብትል በስንት ቤት ማንኳኳት ይኖርባታል? ደግሞስ የየትኛዋ ቤት ሊጥ ከእሷ እርሾ እንደቦካ በምን ታውቃለች?

በስልክ «ላኩት» የምንለው ነገር ሁሉ እርሾ እንጂ ደብተር አይደለም። ይህ የምዕራፉ አንድ ሐሳብ ነው፤ ቀጥሎ የምናነሣው ስለ መብትም ይሁን ስለ ግዴታ ከዚህ ይመነጫል። ፎቶ፣ የድምፅ መልእክት፣ ቪዲዮ፣ ጽሑፍ ስልክ ውስጥ ሲቀመጥ ረጅም የቁጥር ሰንሰለት ነው። «ላክ» የሚለውን ስንነካ ስልካችን ቁጥሮቹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነባል፤ በሌላው ጫፍ ያለው መሣሪያ እየሰማ ይጽፋል። የስልክ ቁጥራችንን ጮክ ብለን ስንናገር ሰሚው እንደሚጽፈው ማለት ነው። ተናጋሪው ቁጥሩን አላጣም፤ ሰሚው ግን አግኝቷል። መላክ ማለት መቅዳት ነው።

አንድ ግሩፕ ውስጥ 60 ወላጆች ካሉ የመምህሯ ፎቶ ስንት ቅጂ ሆነ? አንዱ በመምህሯ ስልክ ነው። አንዱ በቴሌግራም ሰርቨር ነው፤ የተለመደው የቴሌግራም ግሩፕ መልእክት በኩባንያው ጎተራ ውስጥ ይቀመጣልና፤ ላኪና ተቀባይ ብቻ የሚያነቡት «ሚስጥራዊ ውይይት» የሚባለው ለሁለት ሰው እንጂ ለግሩፕ የለም። ከዚያ ግሩፑን በከፈተው ሰው ስልክ ሁሉ አንዳንድ ይወርዳል። ፎቶ በራሱ ወደ ጋለሪ እንዲገባ ያስተካከለ ሰው ስልክ ላይ ሁለት ይሆናል። ጋለሪው ከኢንተርኔት መጠባበቂያ ጋር የተያያዘ ከሆነ ደግሞ ሦስት። ስክሪንሹት ያነሣ ሰው ካለ ሌላ፤ ወደ አያት ወይም ወደ ውጭ አገር ላሉ አክስት ያስተላለፈ ካለ ሌላ። መምህሯ «ለሁሉም አጥፋ» ሲሉ የጠፋው ከግሩፑና ከሰርቨሩ ላይ ያለው ነው። ከግሩፑ የወጣው በእሳቸው ትእዛዝ ሥር አይደለም። የእርሾዋ ሴት ጣሳዋን ብታጥብ የጎረቤቷ ሊጥ መቡካቱን አይተውም።

ምሳሌው የሚሰነጠቅበትም ቦታ አለ፤ ጉዳዩ የሚከብደውም እዚያ ላይ ነው። እርሾ ከቤት ቤት ሲዞር ጠባዩ ይለወጣል፤ የዲጂታል ቅጂ ግን እንዳለ ሲገለበጥ አንድ ሺኛው ከመጀመሪያው በአንዲት ነጥብ አይለይም። እርሾ ካልተጠቀሙበት ይሞታል፤ ቅጂ ከአሥር ዓመት በኋላም ትናንት እንደተነሣ ሆኖ ይከፈታል። ከሁሉም በላይ እርሾ በአጥር የሚሻገረው ለምናውቃት ሴት ነው፤ ቅጂ ግን አይተናቸው ወደማናውቃቸው ሰዎች ይደርሳል።

ከመጋቢት 7 በኋላ

ይህ ሁሉ በትምህርት ቤት ዙሪያ ድንገት የተከመረብን በ2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። መጀመሪያ የተባለው ለ15 ቀን ነበር። ወራት ሆነ። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ቀረ። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ተሰጠ፤ በከተሞች ደግሞ ትምህርት ቤቶች ማስታወሻና ዎርክሺት በቴሌግራም መላክ ጀመሩ። መምህራን በአንድ ሳምንት ውስጥ የግሩፕ አድሚን ሆኑ፤ ማንም አላሠለጠናቸውም። በዚያ ጭንቅ ሰዓት ያደረጉት ጥረት በደንብ አልተነገረላቸውም ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን ክፍሉ ከነጥቁር ሰሌዳው ወደ ስልክ ሲዛወር ግድግዳው አብሮ አልመጣም። ግድግዳ ብዙ ሥራ ይሠራ እንደነበር ያወቅነው ያኔ ነው። መምህር አንድን ልጅ ሲቆጣ የሚሰሙት በዚያ ክፍል ያሉ ልጆች ናቸው፤ ደወል ሲደወል ቁጣው ያልቃል። ልጅ የተሳሳተ መልስ ሲመልስ ይሣቅበታል፤ ሣቁ አየር ነው፣ ይበተናል። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ነገር ዳስተር ሲያርፍበት በእውነት ይጠፋል። መሳሳት የሚቻለው፣ መማርም የሚቻለው፣ ነገሩ የሚጠፋ ስለሆነ ነው። ግሩፕ ውስጥ አፉን ሞልቶ የተሳሳተ ልጅ የድምፅ መልእክቱ ተቀድቶ በሌላ ግሩፕ ቢሣቅበት፣ በሚቀጥለው ጊዜ አይመልስም። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ልጅ ያለ ፍርሃት ተሳስቶ የመታረም መብቱ በየትኛውም አዋጅ በዚህ ስም አልተጻፈም፤ ትምህርት የሚባለው ነገር ግን ያለዚህ የለም።

የግንቦት 22 ፈተና

ቅጂ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ አገሪቱ በሙሉ ያየችበት ቀን ግን ከዚያም በፊት ነበር። ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና በሚጀመርበት ሰኞ የፈተና ገጾች በፌስቡክ ላይ ወጡ። ከ250 ሺህ በላይ ተማሪ ለፈተና ተዘጋጅቶ ነበር። ትምህርት ሚኒስቴር ፈተናውን ሰረዘ፤ ሌላ ፈተና ታትሞ በሐምሌ መጀመሪያ ተሰጠ። ፈተናውን ያወጡት ሰዎች ምክንያታችን ብለው የተናገሩት፣ በኦሮሚያ በነበረው ተቃውሞ ሳቢያ ለወራት ያልተማሩ ልጆች ፈተናው እንዲራዘምላቸው ቢጠይቁ ሰሚ አጥተዋል የሚል ነው። ጥያቄው የሚደመጥ ጥያቄ ነበር። ቢሆንም ዓመት ሙሉ የተዘጋጀች፣ ስለ ጉዳዩ ምንም የማታውቅ የአንዲት የገጠር ልጅ ልፋትም በዚያው ቀን ተቀደደ።

ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ቁም ነገር ይህ ነው። ድሮ አንድ የፈተና ወረቀት ቢሰረቅ ሌባው በእጁ የሚያዳርሰው ለስንት ሰው ነው? አሁን አንድ ፎቶ በቂ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያባዛው ሌባው ሳይሆን እያንዳንዱ ተቀባይ ነው። እርሾው ከመጀመሪያዋ ጣሳ ከወጣ ወዲያ መላው ሰፈር ያቦካዋል።

መንግሥት ከዚያ በኋላ የመረጠው መንገድ ግን ሌላ ጉዳት አመጣ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የመግቢያ ፈተና ሰሞን ማኅበራዊ መገናኛዎች ተዘጉ፤ በ2009 ግንቦት መጨረሻ ፈተና ሲሰጥ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በሰኔ 2011ም ፈተናው በተሰጠበት ሳምንት አገሪቱ ለቀናት ያለ ኢንተርኔት ቆየች። አንድ ቤት የተበላሸ እርሾ ተገኘ ተብሎ በከተማው ውስጥ እንጀራ እንዳይጋገር ቢከለከል እንደ ማለት ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ ማግስት፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ መዘጋቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆየ። ያ ጊዜ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ጊዜ ነበር፤ ለብዙ የከተማ ልጆች ስልኩ ብቸኛው ክፍላቸው ሆኖ ሳለ እሱም ተዘጋ። የመማር መብት በመስመር ላይ ሲሆን መስመሩ ራሱ የመብቱ አካል ይሆናል።

በ2015 መስከረም መጨረሻ የተወሰደው እርምጃ ከዚህ የተለየ ነው። ተፈታኞቹ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተው፣ ስልክ ሳይዙ እንዲፈተኑ ተደረገ። ከቤታቸው ለሚርቁ ልጆችና ለወላጆቻቸው ቀላል አልነበረም። አስተሳሰቡ ግን ከዚህ ምዕራፍ ሐሳብ ጋር ይገጥማል፤ ቅጂን ማስቆም የሚቻለው ከመጀመሪያዋ ጣሳ ላይ ነው። በ2016 ደግሞ የተወሰኑት ተፈታኞች በኮምፒውተር መፈተን ጀመሩ፤ የሚቀዳው ወረቀት ራሱ እንዲቀር ማለት ነው።

የልጁ ውጤት የማን ነው?

ወደ ሐሙሱ ፎቶ እንመለስ። በዚያ ወረቀት ላይ ያለው መረጃ የማን ነው? የትምህርት ቤቱ ነው እንዳንል፣ የሚናገረው ስለ ልጁ ነው። የወላጁ ነው እንዳንል፣ ስለ 47 ልጆች ነው፤ እኔ ለማወቅ የሚገባኝ የአንዱን ብቻ ነው።

ሕጋችን እዚህ ላይ ዝም አላለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን ሲደነግግ በኤሌክትሮኒክስ የሚደረግ ግንኙነትንም ይጨምራል፤ አንቀጽ 36 ልጆችን በሚመለከት እርምጃ ሁሉ የልጅ ጥቅም እንዲቀድም ያዝዛል። ለረጅም ጊዜ ያጣነው ዝርዝሩን የሚያስቀምጥ ሕግ ነበር። እሱም መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወካዮች ምክር ቤት ጸደቀ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይባላል። አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ ረጅም ነው፤ መንፈሱ ግን ለማንም ይገባል። ስለ ሰው መረጃ የምትሰበስብ ከሆነ ለምን እንደሆነ ንገረው፤ ለዚያ ጉዳይ ከሚያስፈልገው በላይ አትውሰድ፤ ለሌላ ጉዳይ አታውለው፤ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ አታስቀምጥ። ሰውየውም የተያዘበትን መረጃ የማየት፣ ስሕተት ካለው የማሳረም፣ በአግባቡ ያልተያዘውን የማሰረዝ መብት አለው። የጤና መረጃ ደግሞ ከሌላው በበለጠ ጥንቃቄ የሚያዝ ነው። «ሕክምና ላይ» የሚሉት ሁለት ቃላት ከሒሳብ ውጤቱ የሚከብዱት ለዚህ ነው።

በእርሾው ቋንቋ ብንናገረው፣ አዋጁ የሚጠይቀው ጣሳው ውስጥ ምን ያህል እንደሚቀዳ ነው። ለእያንዳንዱ ወላጅ የየራሱን ልጅ ውጤት ብቻ መላክ ለመምህሯ 47 መልእክት ማለት ነው፤ ያደክማል። ለዚህም ትምህርት ቤት መምህሩን ብቻውን ሊተወው አይገባም። ለልጆቹ ቁጥር ሰጥቶ ስም የሌለበት ዝርዝር ማውጣት ይቻላል፤ ካርዱን በልጁ እጅ በታሸገ ፖስታ መላክም ይቻላል። ድሮ እንዲያ ነበር፤ ማንም ኋላ ቀር ነው አላለውም።

አንዳንድ ጥንቃቄዎች ከማንኛችንም እጅ አይወጡም። ቴሌግራም ላይ የስልክ ቁጥርን ማንም እንዳያየው ማድረግ ይቻላል፤ በተለይ ልጆች ያሉበት ግሩፕ ውስጥ የሴት ልጆች ቁጥር ለማያውቁት ሰው መታየቱ ስንት ቤተሰብ እንዳስጨነቀ ሰምቻለሁ። አድሚኑ አዲስ የሚገባ ሰው የቆየውን መልእክት እንዳያይ መዝጋት ይችላል፤ ከግሩፑ ፎርዋርድ ማድረግንም መከልከል ይችላል። የቤት ሥራ ፎቶ ሲላክ ደግሞ ከደብተሩ ጎን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማየት ያሻል፤ መታወቂያ፣ የባንክ ደብተር፣ የሐኪም ወረቀት አብሮ ይነሣል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። ስልክ ፎቶ ሲያነሣ ሰዓቱን፣ አንዳንዴም ቦታውን ከምስሉ ሥር ይጽፋል። በቴሌግራም «እንደ ፎቶ» ሲላክ ይህ ጽሑፍ ይራገፋል፤ «እንደ ፋይል» ሲላክ ግን አብሮ ይሄዳል። የአንድ ልጅ ቤት የት እንደሆነ የሒሳብ ደብተሩ ፎቶ ሊናገር ይችላል ማለት ነው።

የመምህሩ ማስታወሻ

መምህራንም በዚህ ነገር የሚጎዱ ናቸው። አንድ የማውቃቸው የፊዚክስ መምህር ሌሊቱን ቁጭ ብለው ያዘጋጁትን ሃንድአውት ከሁለት ወር በኋላ በአንድ ሺህ ሰዎች ቻናል ላይ አዩት፤ ስማቸው ከላዩ ተቆርጦ፣ የሌላ ሰው የስልክ ቁጥር ተጨምሮበት፣ ዋጋ ተለጥፎበት። «እንዲማሩበት እኮ በነፃ ነው የሰጠሁት» አሉኝ። ያንገበገባቸው የገንዘቡ ነገር አይደለም። ስማቸው ነው።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለዚህ መልስ አለው። ሰው በራሱ ጥረት የጻፈው ነገር ከተጻፈ ጊዜ ጀምሮ ይጠበቅለታል። መምህሩ በቅጥር ሥራው የሠራው ከሆነ፣ በውል ካልተለየ በቀር፣ መብቱ የአሠሪው ሊሆን ይችላል። ለማስተማር ሲባል ከመጽሐፍ ጥቂት ክፍል መቅዳት ይፈቀዳል፤ ምንጩና የጸሐፊው ስም ሲጠቀስ ነው። መጽሐፍ በሙሉ ቀድቶ ማሰራጨት ግን «ለትምህርት ነው» በማለት አይሸፈንም። መጽሐፍ ውድ መሆኑን፣ ለገበያ አለመቅረቡንም አውቃለሁ፤ ልጅ የሚያሳድግ ሁሉ ያውቀዋል። በደሉ ግን ከአንዱ ድሀ ወደ ሌላው ድሀ፣ ከወላጅ ወደ ጸሐፊ እየተሻገረ እንጂ እየቀለለ አይደለም።

አባቶቻችን ስለ መቅዳት ከእኛ የበለጠ አስበዋል። የብራና መጽሐፍ መገልበጥ ወራት ይፈጃል፤ ቁም ጸሐፊው ሲጨርስ መጽሐፉን ማን እንዳስጻፈው፣ ማን እንደጻፈው ያሰፍራል፤ መጽሐፉን የሰረቀውንና ስሙን የፋቀውን የሚያወግዝ ቃልም ያኖራል። ስርቆትና ስም መፋቅ እኩል ተቆጥረዋል። ዛሬ ስም ለመፋቅ አንድ ጣት በቂ ነው።

እርሾው ሲበላሽ

እርሾ የተቀበለች ሴት ሊጧ ላይ ከመጨመሯ በፊት ታሸተዋለች። ከተበላሸ ትደፋዋለች፤ «ከእገሊት ነው የመጣው፣ እሷ ታውቃለች» አትልም፤ የሚበላሸው የራሷ ሊጥ ነውና።

በትምህርት ግሩፕ ውስጥ የሚዞረው ወሬ እንዲህ ሳይሸተት ነው የሚያልፈው። «ነገ ትምህርት የለም»፣ «ፈተናው ተሰርዟል»፣ «ክትባት ሊሰጡ ነው፣ ልጆቻችሁን አትላኩ»። የላከው ሰው ብዙ ጊዜ ክፉ አይደለም፤ ፈርቶ ነው፣ ሌላው እንዳይጎዳ ብሎ ነው። ይሁን እንጂ አንድ የሰማው ወሬ ላይ «ፎርዋርድ» የሚለውን የነካ ሰው አድማጭ መሆኑ ቀርቶ ተናጋሪ ሆኗል። ሕጉም የሚያየው እንዲሁ ነው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ተጠያቂ የሚያደርገው ማሰራጨትን ነው፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ መገናኛ ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው ቅጣቱ ይከብዳል። ስለዚህ አዋጅ የመናገር ነፃነትን ያጠብባል የሚል ሥጋት ያላቸው ሰዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ አሉ፤ እኔም ሥጋቱን እጋራለሁ፤ ምን ሐሰት እንደሆነ የሚወስነው አካል ሁልጊዜ ትክክል አይሆንምና። ለአንድ የወላጆች ግሩፕ ግን አዋጅ አያስፈልግም። ወደ ትምህርት ቤቱ ደውሎ መጠየቅ ይበቃል።

ልጆች እርስ በርስ የሚያደርጉት ይብሳል፤ ትልቅ ሰውም አያየውም። የጓደኛን ፎቶ ስቲከር አድርጎ መሣቂያ ማድረግ፣ አንዷን ልጅ ብቻ የማያስገባ ሌላ ግሩፕ መክፈት። ድሮ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚሰደብ ልጅ ቤቱ ሲገባ ያርፍ ነበር። አሁን ስድቡ ትራሱ ሥር ያድራል።

የለገጣፎ ወላጅ በየቀኑ የሚያየው ሌላም ነገር አለ፤ ቋንቋ። እዚህ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ወላጅና አማርኛ የሚናገር ወላጅ በአንድ ግሩፕ ውስጥ ናቸው። የስብሰባ ጥሪ በአንዱ ብቻ ሲጻፍ ግማሹ ወላጅ በር ላይ እንደቀረ ይቆጠራል። የድምፅ መልእክት በሁለቱም ቋንቋ መላክ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ማንበብ ለማይችሉ አያትም ይደርሳል። የዳታ ፓኬጅም ጉዳይ አለ። የምረቃ በዓል ቪዲዮ ለአንዱ ደስታ ነው፤ የሳምንት ዳታውን ለልጁ ዎርክሺት ላስቀመጠው ወላጅ ግን የቤት ሥራው የሚወርድበትን ያንኑ ዳታ ይበላበታል።

እንደ እድር

የእድር ደንብ የሚጻፈው ሞት ሳይመጣ ነው። መዋጮው ስንት እንደሆነ፣ ድንኳኑን ማን እንደሚጠብቅ፣ ያልመጣ ምን እንደሚቀጣ ሁሉም ተስማምቶ ይፈርማል፤ ስለዚህ ኀዘን ሲደርስ ማንም አይከራከርም። እድር ውስጥ መብትና ግዴታ ሁለት ምዕራፍ አይደሉም። ድንኳኑ ለእኔ የሚተከለው እኔ ለሌላው ስለተከልሁ ነው። የእኔ ልጅ ውጤት በሌላ ሰው ጋለሪ ውስጥ የማይገኘውም የሌላው ልጅ በእኔ ጋለሪ ውስጥ ባለመኖሩ ነው። የትምህርት ግሩፖቻችን የተከፈቱት ግን ደንቡ ሳይጻፍ፣ ኀዘኑ ከደረሰ በኋላ ነው።

ከዚያ ሐሙስ በኋላ እኛ ጻፍነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ መምህሯና 20 የምንሆን ወላጆች ተቀምጠን። አንድ ገጽ አልሞላም። የልጅ ስምና ውጤት በግሩፑ አይወጣም። የልጅ ፎቶ ያለ ወላጁ ፈቃድ አይለጠፍም። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አይጻፍም፤ መምህሯም ልጆች አሏቸው። ማስታወቂያ በሁለቱም ቋንቋ ይሁን። መምህር የጻፉት ነገር ከነስማቸው እንጂ አይተላለፍ። የተሳሳተ ነገር የላከ ሰው በግሩፑ ፊት አይወቀስ፤ አድሚኗ በግል ይንገሩት። የመጨረሻውን ያስጨመሩት የዚያ ልጅ እናት ናቸው።

በዚያው ማታ ስልኬን ከፈትሁ። ፎቶው ከግሩፑ ጠፍቷል። ጋለሪዬ ውስጥ ግን ነበር፤ በራሱ ወርዶ፣ ከልደት ፎቶዎች መካከል። አጠፋሁት። ከዚያ ጋለሪው «በቅርብ የጠፉ» ብሎ ለ30 ቀን የሚያቆይበት ክፍል እንዳለው ትዝ አለኝ፤ እዚያም ነበር። የኢንተርኔት መጠባበቂያዬን ከፈትሁ፤ እዚያም ስሞቹ በፊደል ተራ ተደርድረው፣ «ሕክምና ላይ» የሚለው በመምህሯ የእጅ ጽሕፈት በግልጽ እየተነበበ ነበር። ልጄ የቤት ሥራ የምትሠራበት ታብሌትም ከዚያው መጠባበቂያ ጋር የተያያዘ ነው። ጓዳ ገብቼ ታብሌቱን አመጣሁ።